ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ፎርጅድ ነው እንዴ? «ማግኔት አይዋሽም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ማግኔት አይዋሽም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። የጸሐፊው ስም የለበትም። እኔ ጋ የደረሰው በደንበኞቼ በኩል ነው። ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ አዲስ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ስለሆነ «አንተ ማግኔት ታውቃለህ፣ እስቲ እውነት ነው ወይ?» እያሉ ይልኩልኛል። አንዲት እናት ጭራሽ አዲስ የገዙትን ድስት ሊመልሱ ሰኞ ገበያ ሊወጡ ነበር። ይሄኔ ነው መጻፍ አለብኝ ያልኩት።

ላላነበባችሁት የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ብረት ያለበት ነገር ሁሉ በማግኔት ይሳባል ይላል። ከዚህ ተነስቶ የማይሳብ የስቴንለስ ዕቃ ፎርጅድ ነው ብሎ ይፈርዳል። ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ ሜታል በማግኔትም በደንብ ይሳባል፣ ከባዱም ከቀላሉ የበለጠ ይሳባል ይላል። ወርቅና ጠገራ ብር በማግኔት ፈትኑ ብሎ ይመክራል። እሳት ማግኔትን ያጠነክራል፣ የምድርም ማግኔትነት ሆዷ ውስጥ ካለ ትልቅ የብረት ማግኔት ይመጣል ይላል። መጨረሻ ላይ ደም ውስጥ ብረት ስላለ የማግኔት አምባር ደም ያንቀሳቅሳል ብሎ ያሳርጋል።

ልክ የሆነውን ላስቀድም። ማግኔት ሁለት ጫፍ አለው፣ ለሁለት ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ሁለት ጫፍ ያወጣል ያለው ልክ ነው። ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ይሳባሉ ያለውም ልክ ነው። አብሽር ወንድሜ፣ ጠብ ፍለጋ አልመጣሁም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ብረት ያለበት ሁሉ ይሳባል።»

የጽሑፉ ምሰሶ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ የተደገፈው እሱ ላይ ነው። ለመፈተሽ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ ማግኔቱን አውጡ፣ በላስቲክ ጠቅልሉትና ቦርከና ዳር አሸዋው ላይ ጎትቱት። ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ተለጥፎበት ይወጣል። ማግኔታይት ይባላል። የወሎ ተራራ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠራ ነው፤ ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው፣ እሱን ዝናብና ወንዝ ሲፈጨው ውስጡ የነበረው ማግኔታይት እየተለየ አሸዋው ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ቀይ አፈር እንምጣ። ቀይ ቀለሙን በአብዛኛው የሚሰጠው ሄማታይት ነው፤ እሱም እንደ ማግኔታይቱ የብረትና የኦክስጅን ውህድ ነው። ንጹሕ ሄማታይት ብትሰጡት ግን የስፒከሩ ማግኔት ንቅንቅ አያደርገውም። ታዲያ ብረቱ አንሶት ነው? አይደለም። ማግኔታይት ከክብደቱ 72 ከመቶ ያህሉ ብረት ነው፣ ሄማታይት ደግሞ 70 ከመቶ ያህሉ። በብረት ይዘት ተመጣጣኝ ናቸው፤ አንዱ ዘሎ ይለጠፋል፣ ሌላው ዝም ይላል። የብረት መጠን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት ይመጣል?

ጽሑፉ እዚህ ጋ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ነው።

ማንኛውም አቶም ኤሌክትሮኖች አሉት። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ደግሞ በራሱ ኢምንት ማግኔት ነው። ይህ ባሕርይ ስፒን ይባላል፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረቡት ኡህለንቤክና ጎድስሚት የተባሉ ሁለት ወጣት የኔዘርላንድስ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ማግኔትነት የሌለው ኤሌክትሮን የለም ማለት ነው። የመዳቡም፣ የወርቁም፣ የበሩ እንጨትም ኤሌክትሮን ያው ነው። ግን ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ በጥንዱ ውስጥ አንዱ ወደ ላይ ሲያመለክት ሌላው ወደ ታች ያመለክታልና እርስ በርስ ይጣፋሉ። የዚንክን አቶም ብትወስዱ 30 ኤሌክትሮኖቹ በሙሉ ተጣምረዋል። የሚተርፍ ነገር የለም።

የብረት አቶም 26 ኤሌክትሮን አለው። እዚህ የሚያስፈልገን ዲ የሚባለው ክፍል ነው። አምስት ቦታ አለው፣ አንዱ ቦታ ሁለት ኤሌክትሮን ይችላል፣ ብረት ደግሞ እዚያ ያሉት ስድስት ናቸው። ኤሌክትሮኖች በቻሉት መጠን ለየብቻ መቀመጥ ይመርጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አምስቱን ቦታ አንድ አንድ ይይዙታል፣ ስድስተኛው ቦታ ስለሚያጣ ከአንዱ ጋር ይጣመራል። አራት ሳይጣመሩ ይቀራሉ። የብረት አቶም ማግኔትነት የሚመጣው ከነዚህ ነው።

ብዙ ማብራሪያ እዚህ ላይ «ገባችሁ?» ብሎ ያቆማል። ማቆም ግን አይቻልም፣ ማንጋኒዝ አለና። ማንጋኒዝ በአቶም ሰንጠረዡ ላይ ከብረት ጎን ያለ ነው። ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖቹ አምስት ናቸው፣ ከብረት በአንድ ይበልጣል። ሆኖም ማግኔት አይስበውም። ክሮሚየም ጭራሽ ስድስት አለው፤ እሱም አይሳብም። ያልተጣመረ ኤሌክትሮን መኖሩ የግድ ነው፣ ግን አይበቃም።

የሚቀረው የጎረቤታሞቹ አቶሞች ነገር ነው። መንዙማ ላይ አስቡት። አንድ ሰው ብቻውን ቢያጨበጭብ ድቤው ይውጠዋል። መቶ ሰው በየራሱ ጊዜ ቢያጨበጭብ ጫጫታ ነው የሚሆነው። መቶው እኩል ሲመታ ግን ቤቱ ይናጋል። ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ውስጥ ያሉት አቶሞች እኩል የሚመቱት ናቸው፤ የአንዱ ማግኔትነት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል፣ ጎረቤቱም ከቀጣዩ ጋር፣ እንዲያ እያለ ቢሊዮኖች ይደርሳል። ክሮሚየም ውስጥ ጎረቤታሞቹ ይሰለፋሉ፣ ግን እየተቃረኑ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲል ቀጣዩ ወደ ታች። ድምሩ ዜሮ። ማንጋኒዝ በተራ ሙቀት ጨርሶ አይሰለፍም፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ቢሰለፍም እንደ ክሮሚየም በመቃረን ነው። ይህን የመቃረን ነገር ያስረዳው ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ማን ነው የሚያሰልፋቸው? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ትናንሾቹ ማግኔቶች እርስ በርስ ይሳሳባሉ» የሚል ነው። ሲሰላ ግን ያ ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዜሮ በታች 272 ዲግሪ ከሚሆነው ብርድ ትንሽ ሞቅ ሲል ሰልፉ ይበተን ነበር፣ ብረት ግን ምድጃ አጠገብም ይሳባል። ትክክለኛውን መልስ እ.ኤ.አ. በ1928 የሰጠው ጀርመናዊው ሃይዘንበርግ ነው። ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። በተጨማሪ የኳንተም ሕግ አለ፦ ስፒናቸው በአንድ አቅጣጫ የሆኑ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አይችሉም። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ በግድ ይራራቃሉ፣ ሲራራቁ መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ መገፋፋቱ ሲቀንስ ጉልበት ይቆጠባል። መሰለፉ ራሱም ወጪ አለው። ቁጠባው ከወጪው የሚበልጠው በጥቂት ሜታሎች ብቻ ነው፤ ይበልጥ አይበልጥ የሚለውን ደግሞ የሚወስነው አቶሞቹ ምን ያህል እንደተራራቁና በምን ዓይነት አደራደር እንደተቀመጡ ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ድስቱ ጋ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

«ታዲያ ምስማር ለምን ራሱ ማግኔት አይሆንም?» ለሚል፣ ምስማሩ ውስጥ ያለው ሰልፍ በብዙ ትናንሽ ሠፈሮች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ሠፈር ውስጡ የተሰለፈ ቢሆንም ሠፈሮቹ በየአቅጣጫው ዞረዋል። ማግኔት ሲጠጋ ወደ እሱ የዞሩት ሠፈሮች ይሰፋሉ፣ ሌሎቹ ይጠባሉ፣ ምስማሩም ለጊዜው ማግኔት ሆኖ ይሳባል። ይህን ፒየር ቫይስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1907 አስቦት ነበር፣ ስፒን ከመታወቁ በፊት። ይገርማል።

ጽሑፉ «ብረት፣ ኒኬል ወይም ኮባልት የሌለበት ነገር በፍጹም አይሳብም» ስለሚል ደግሞ ፍሪትዝ ሆይስለርን ላስተዋውቀው። ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1903 መዳብ፣ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም ቀላቅሎ የሠራው ቅይጥ በማግኔት እንደሚሳብ አሳይቷል። ሦስቱም ለየብቻቸው አይሳቡም። ሲቀላቀሉ ግን የማንጋኒዙ አቶሞች የሚስማማቸውን ርቀትና አደራደር አገኙ።

«የማይሳብ ስቴንለስ ፎርጅድ ነው።»

ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ከስቴንለስ ዓይነቶች ዋነኛው 304 የሚባለው ነው። 18 ከመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ ብዙ ዕቃ ላይ 18/8 ተብሎ የሚታተመው ይሄ ነው። ከቀሪው አብዛኛው፣ ከጠቅላላው 70 ከመቶ ያህሉ፣ ብረት ነው። ደህና አድርጎ ብረት ነው እንግዲህ፣ ግን ማግኔት አይስበውም። 430 የሚባለው ደግሞ ክሮሚየም አለው፣ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል። ይሳባል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጨውና ኮምጣጣ ነገር የመቋቋም አቅሙም ከ304 ያንሳል። የጽሑፉን ምክር የሰማ ሰው እንግዲህ ጥሩውን መልሶ ርካሹን ይዞ ይገባል።

ምክንያቱ አደራደሩ ነው። ተራ ብረት ውስጥ አቶሞቹ ባለ ስምንት ማዕዘን ሳጥን ሠርተው ስምንቱም ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፣ አንድ ደግሞ ሳጥኑ መሐል ይገባል። ብረት ከ912 ዲግሪ በላይ ሲግል ይህ አደራደር ይለወጣል፦ መሐል ያለው ይወጣና በስድስቱ ገጽ መሐል መሐል ላይ አቶም ይቆማል። በዚህ አደራደር ያ በአንድ አቅጣጫ የመሰለፍ ነገር አይሠራም። ተራ ብረት ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ኒኬል በበቂ መጠን ሲገባበት ግን መመለሱ ይከለከላል። ጓዳችሁ የተቀመጠው 304 ድስት ተራ ብረት እሳት ውስጥ ብቻ የሚይዘውን አደራደር በክፍል ሙቀት ይዞ የተቀመጠ ነው። ራሱ የሚሳብ ብረት ላይ ራሱ የሚሳብ ኒኬል ተጨምሮ የማይሳብ ነገር ወጣ! «ያለበት ሁሉ ይሳባል» የሚለው ሕግ ይህን በምን ያስረዳዋል?

ልምድ ያለው ሰው «የኔ የወጥ ቤት ሲንክ ጠፍጣፋው ላይ አይስብም፣ የታጠፈው ማዕዘን ላይ ግን ትንሽ ይይዛል» ይል ይሆናል። ልክ ነው። 304 በቀዝቃዛው ሲታጠፍና ሲመታ ከፊሉ ወደ ተራው አደራደር ይመለሳል። ሲንኩ ደህና ነው።

ግን ወዲያኛው ጥግም እንዳንሄድ። «እንግዲያው የማይሳበው ሁሉ ጥሩ ነው» ማለትም አይቻልም። 201 የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ኒኬል ውድ ስለሆነ በከፊል በማንጋኒዝ ተክተውት የሠሩት ነው። እሱም በአብዛኛው አይሳብም፣ ዝገትን በመቋቋም ግን 304ን አያህልም። ማግኔት ሁለቱን አይለይም። የስቴንለስ ቢላዋ ደግሞ በተቃራኒው መሳብ አለበት፤ ስለት እንዲይዝ ተብሎ የሚጠነክረው ዓይነት በባሕርይው የሚሳብ ነው። ማግኔት ለድስት የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፦ የኢንዳክሽን ምድጃ (ድስቱን ራሱን በማግኔትነት የሚያሞቀው) ካላችሁ ቂጡ የሚሳብ ድስት ነው የምትፈልጉት፣ ካልሳበ አይሞቅላችሁም። ጥሩ ፋብሪካዎች 304 ድስት ሲሠሩ ለዚሁ ብለው ቂጡ ላይ የሚሳብ ንጣፍ ይጨምሩበታል። እኚያ እናት ግን ምድጃቸው ከሰል ነው። ድስታቸውን ይዘው ይቀመጡ።

«ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ በማግኔትም ይሳባል።»

ይቺ የኔ እንጀራ ናት። ከሜታሎች ኤሌክትሪክ በማሳለፍ አንደኛው ብር ነው፣ ቀጥሎ መዳብ፣ ከዚያ ወርቅ፣ ከዚያ አሉሚኒየም። ከአራቱ በማግኔት የሚሳብ አንድም የለም። ብረት ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲወዳደር አንድ ስድስተኛ ያህል ነው የሚያሳልፈው። ጽሑፉ ያለው ልክ ቢሆን ሞተር ለምን ሁለት ሜታል ይፈልጋል? አንድ ሞተር ስትፈቱ ጥቅልሉ መዳብ ነው፣ ጥቅልሉ የተቀመጠበት አካል ደግሞ ከስስ የብረት ቅጠሎች የተደራረበ ነው። መዳቡ ኤሌክትሪኩን ይሸከማል፣ ብረቱ ማግኔትነቱን ይሸከማል፣ እያንዳንዱ የሌላውን ሥራ በደንብ መሥራት አይችልም።

ጸሐፊውን ያሳሳተው ምን እንደሆነ ግን እገምታለሁ። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የመዳብ ሽቦ ማግኔት ይሆናል፤ ዴንማርካዊው ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 የኮምፓስ መርፌ ስትዞር አይቶ ያረጋገጠው ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ያ ይጠፋል። ሌላም አለ፦ ጠንካራ ማግኔት ወፍራም የመዳብ ቱቦ ውስጥ ብትጥሉ ዝግ እያለ፣ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ያየ ሰው «ይኸው መዳብ ይስበዋል!» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው፦ ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ቱቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ማግኔትነት መልሶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ማግኔቱን አቁማችሁ ብትይዙት ምንም የለም።

ሽቦ ለምትገዙ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። መዳብ የተቀባ የብረት ሽቦን ማግኔት ያጋልጠዋል። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየምን ግን አያጋልጥም፣ ሁለቱም አይሳቡምና። እሱን በክብደቱ ነው የምትለዩት፣ አለዚያ ጫፉን ቆርጣችሁ ውስጡ ነጭ መሆኑን እዩ።

«ከባዱ ከቀላሉ የበለጠ ይሳባል።» ይህን ቶሎ ልለፈው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.9 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እርሳስ 11.3፣ ወርቅ 19.3። ሁለቱ ከባዶች አይሳቡም። አበቃ።

«ወርቅና ጠገራ ብር በማግኔት ይፈተናል።»

ባቲ ሰኞ ገበያ ጠገራ ብር የሸጠም የገዛም ሰው ይህን ጉዳይ በቸልታ አያልፈውም። እናቶቻችን አንገት ላይ የተንጠለጠለው ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 83 ከመቶ ያህሉ ብር ነው፣ ሌላው በአብዛኛው መዳብ። ሁለቱም አይሳቡም፤ እንዲያውም ጠንካራ ማግኔት በጣም በጣም ትንሽ ይገፋቸዋል፣ በእጅ የሚታወቅ ባይሆንም። ስለዚህ ጠገራ ብራችሁ ማግኔት ላይ ዘሎ ከተለጠፈ ፎርጅድ መሆኑ አያጠራጥርም። ጽሑፉ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር።

ከዚያ ግን «ካልተለጠፈ እውነተኛ ነው» ብሎ ዘለለ። አታላይ ሰው ሞኝ ነው እንዴ? ከብረት ማን ይሠራዋል! ከእርሳስና ቲን ከሚባል ሜታል ቅይጥ፣ ከናስ፣ ወይም መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ከተቀላቀለበት ብር መሳይ ነጭ ቅይጥ ይሠራዋል። አንዱም አይሳብም። ኒኬል ያለበት ቅይጥ አለመሳቡ እንዳይገርማችሁ፤ የአሜሪካ 5 ሳንቲም ስሙ ራሱ ኒኬል ነው፣ ግን 75 ከመቶው መዳብ ስለሆነ ማግኔት አያነሳውም። ወርቅም እንዲሁ ነው። ተንግስተን የሚባል ሜታል ክብደቱ ከወርቅ ጋር ምንም ያህል ስለማይለያይ ውስጡን ተንግስተን፣ ውጭውን ወርቅ አድርገው የሚሠሩ አሉ፤ ማግኔት ምንም አይነግራችሁም።

ለጠገራ ብር የተሻለው ውኃና ሚዛን ነው። በሚዛን መዝኑት፣ ከዚያ በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ ውስጥ መዝኑት። በአየር የመዘነውን በልዩነቱ አካፍሉ። 10 ገደማ ከመጣ ደህና ነው። 8 ወይም 9 አካባቢ ከሆነ ናስ ወይም መዳብ መሆኑን ጠርጥሩ። አንጥረኛ ጋ መውሰድ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ዓመተ ምሕረቱን አትመኑ፤ 1780 የሚለው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን በታተሙት ሁሉ ላይ አለ።

«እሳት ማግኔትን ያጠነክራል።»

ተቃራኒው ነው። ሙቀት ማለት የአቶሞች መናወጥ ነው፣ መናወጡ ከመሰለፉ ጉልበት ሲበልጥ ሰልፉ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ሜታል ይህ የሚሆንበት የራሱ ዲግሪ አለው። በመጀመሪያ በደንብ ባጠናው በፒየር ኩሪ ስም ይጠራል፣ ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ለብረት 770 ዲግሪ ነው። ኒኬል 355 አካባቢ ላይ ይተዋል፣ ኮባልት ከ1,100 በላይ ይዘልቃል። ጋዶሊኒየም የሚባለው ሜታል ግን 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚተወው፤ ደሴ ጠዋት በብርዱ ይሳባል፣ ባቲ ቀትር ላይ አይሳብም። ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች ብረቱ ለማጠንከር በበቂ መጋሉን የሚያውቁት ማግኔት አስጠግተው ነው፤ መሳቡን ሲተው ጊዜው ቀርቧል ማለት ነው። የስልክና የስፒከር ውስጥ ትናንሾቹ ጠንካራ ማግኔቶች፣ ኒዮዲሚየም የሚባሉት፣ ተራዎቹ 80 ዲግሪ ካለፉ ጀምሮ ጉልበታቸውን እያጡ ይሄዳሉ። ማግኔት እሳት ውስጥ አትክተቱ።

ይህ ስሕተት ግን ከባዶ አልመጣም። የእንግሊዙ ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ሰሜንና ደቡብ አጋድሞ ሲመታው፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ማግኔት ሆኖ እንደሚገኝ ጽፏል። እውነት ነው። ሥራውን የሠራው ግን ማቀዝቀዙ ነው፤ ሰልፉ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ በምድር ማግኔት አቅጣጫ ተሠራ። ይህ ደግሞ የኛኑ ተራራ ነገር ይነካል። ባዛልቱ ሲፈስ ግሎ ነበር፣ ውስጡ ያለው ማግኔታይት 580 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስና ከዚያ በታች ሲወርድ የዚያን ዘመን የምድር ማግኔት ወዴት እንደሚያመለክት ይዞ ቀረ። 30 ሚሊዮን ዓመት ሆነው፣ አሁንም እዚያው አለ።

«የምድር ሆድ ውስጥ ትልቅ የብረት ማግኔት አለ።»

ጊልበርትም ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት ብሎ ነበር፣ ለ1600 ትልቅ ሐሳብ ነው። ምድር መሐሏ በአብዛኛው ብረትና ኒኬል መሆኑም እውነት ነው። ግን ሙቀቱ ከ5,000 ዲግሪ በላይ ነው። ብረት 770 ላይ ሰልፉ ይፈርሳል አላልንም? እንግዲህ እዚያ የተሰለፈ ነገር ሊኖር አይችልም። የሚሠራው ከ2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ጀምሮ ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፦ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዞራል፣ እየተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩም ማግኔትነት ይፈጥራል። ዳይናሞ ማለት ነው።

ማስረጃውስ? ቁርጥ ያለ ማግኔት ሰሜኑን ከደቡቡ አይቀያይርም። የምድር ማግኔት ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጧል፤ የመጨረሻው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የወገል ጤናን ባዛልት ተመራማሪዎች ንብብሩን እየተከተሉ ለክተውታል፤ አንዳንዱ ንብብር እንደ ዛሬው ያመለክታል፣ አንዳንዱ የተገለበጠ ነው። ደላንታ ኦፓል ፍለጋ ገደል የሚወርዱት ልጆች ሲወርዱ የሚያልፉት ድንጋይ ይህን ታሪክ የያዘ ነው።

«ደም ውስጥ ብረት ስላለ የማግኔት አምባር ደም ያንቀሳቅሳል።»

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው፣ ጤና ስለሆነ። የአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 3 ወይም 4 ግራም ያህል ብረት አለ፣ አብዛኛው ደም ውስጥ። ግን የተበታተነ ነው፣ አንድ በአንድ በትልቅ ፕሮቲን ታቅፎ የተቀመጠ። ጎረቤት ብረት ከሌለ የሚሰለፍ የለም። ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል የተባሉ የኬሚስትሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1936 ለክተውታል፦ ኦክስጅን የያዘ ደም ያልተጣመረ ኤሌክትሮን የለውም፣ ማግኔትም እንደ ውኃ በጣም በትንሹ ይገፋዋል። ኦክስጅኑን የለቀቀው ደም ያልተጣመሩ አሉት፣ የሱም ብረት የሚሳበው ላመል ታህል ነው።

ኤም አር አይ ማሽን (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው የሆስፒታል መሣሪያ) የገባ ሰው 1.5 ወይም 3 ቴስላ በሆነ ማግኔት ውስጥ ይተኛል፣ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አምባር ከዚህ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ማሽኑ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ይመነጭቃል። ደሙ ግን እንደ ወትሮው ይዘዋወራል፣ ሰውየውም ተነስቶ ይሄዳል። አምባሩ ካማራችሁ ለጌጥ አድርጉት። የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ግን እሱን አምናችሁ ኪኒናችሁን እንዳትተዉ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ደግሞ ጠንካራ ማግኔት ጭራሽ አያስጠጉ፤ መሣሪያው ውስጥ በማግኔት የሚነካ ክፍል አለ።